ከሻሁ ጀርባ የቀረው እጅ፦ የ1967ቱ የበርሊን ጉብኝት ፊልሞች ዳግም ሲመረመሩ

ጉዳዩ ለምን ተጻፈ

በርሊን ውስጥ ከዶይቸ ኦፐር የምድር ባቡር ጣቢያ ወደ ላይ የወጣ ሰው ኦፔራ ቤቱ አጠገብ አንድ የነሐስ ቅርጽ ቆሞ ያገኛል። ስሙ «የሰልፈኛው ሞት» ነው፤ ከ1990 ጀምሮ እዚያው አለ። ብዙ መንገደኛ ሳያስተውለው ያልፋል። እኔም ለብዙ ጊዜ እንዲሁ አልፌዋለሁ። አሮጌ ፊልሞችን የመመዝገብና የማደራጀት ሥራ ከያዝኩ በኋላ ግን ቅርጹ የሚያስታውሰውን፣ የኢራኑ ሻህ ከተማዋን ሲጎበኙ አንድ ተማሪ በፖሊስ ጥይት የተገደለበትን ቀን ደጋግሜ ለማጥናት ተገድጃለሁ። በቤተ መዛግብት መደርደሪያ ላይ ለአርባ ዓመታት የተቀመጠ ቀረጻ የአንድን ይፋዊ ጉብኝት ታሪክ እንዴት እንደሚለውጥ ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ጉዳይ አላገኘሁም።

ሟቹንም ተኳሹንም በስም አልጠራም። ጀርመን ውስጥ ስማቸው የታወቀ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን ማን እንደነበሩ ከማወቅ ይልቅ ምን እንደታየና ምን ሳይታይ እንደቀረ መከተል ይበልጣል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋናው ቀን ጁን 2 ቀን 1967 ነው፤ በእኛ ግንቦት 25 ቀን 1959 ዓ.ም. መሆኑ ነው።

ዳራ

የኢራኑ ሻህ መሐመድ ሬዛ ፓህላቪና ባለቤታቸው ፋራህ በዚያ ሰሞን ምዕራብ ጀርመንን ይጎበኙ ነበር። መቀመጫው ቦን ለነበረው የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ሻሁ ወዳጅና የንግድ ሸሪክ ነበሩ። የመጽሔቶቹ ሽፋን በንግሥቲቱ ፎቶግራፍ ተሞልቶ ነበር። በዩኒቨርሲቲዎቹ ግን የሚወራው ሌላ ነው። በስደት የሚኖሩ ኢራናውያን ተማሪዎች ሳቫክ ስለሚባለው የጸጥታ ድርጅት፣ ስለ እስርና ስለ ግርፋት ይናገሩ፣ በራሪ ጽሑፍ ይበትኑ ነበር። የጀርመን ተማሪዎችም ሰሟቸው።

እንግዶቹ ምዕራብ በርሊን የገቡት ጁን 2 ነው። እኩለ ቀን ላይ የከተማው መስተዳድር በሚገኝበት በሾነበርግ አዳራሽ ፊት ለፊት ሁለት ወገን ተሰልፎ ጠበቃቸው። በአንድ በኩል ተቃዋሚዎች አሉ። በሌላው በኩል ለሻሁ ለመጮህ የመጡ ኢራናውያን ናቸው፤ በኋላ የጀርመን ጋዜጦች «አጨብጫቢዎቹ ፋርሶች» ብለዋቸዋል። ከመካከላቸው የሳቫክ ሰዎች ነበሩበት። የያዙት መፈክር በረዘመ እንጨት ላይ የተቸነከረ ነበር። ሻሁ ወደ ውስጥ እንደገቡ እንጨቱ ዱላ ሆነና ተቃዋሚዎቹን መደብደብ ጀመሩ። ፖሊሶች ለደቂቃዎች ቆመው አዩ። ጣልቃ ሲገቡም የተደበደቡትን ነው የበተኑት፤ ፈረሰኛ ፖሊስም ታዝዞባቸዋል።

ማታ ሻሁና የከተማዋ ከንቲባ ሃይንሪሽ አልበርትስ የሞዛርትን ኦፔራ ለማየት ወደ ዶይቸ ኦፐር ሄዱ። መንገዱን ተሻግሮ በጠባብ ቦታ ላይ የታጨቀው ሰልፈኛ ይጮሃል፤ እንቁላልና ቲማቲምም ተወርውሯል። እንግዶቹ ከገቡ በኋላ ፖሊስ ሰልፈኛውን ለመበተን የተጠቀመበትን ዘዴ የፖሊስ አዛዡ ራሳቸው በቋሊማ መስለውታል፦ መሃሉን ሲጫኑት ከሁለቱ ጫፍ ይፈነዳል። የፈነዳው ሕዝብ ወደ ጎን መንገዶች ሮጠ። ፖሊሶችና ሲቪል የለበሱ መርማሪዎች ተከትለው አሳደዱት።

ከኦፔራው ጥቂት ርቀት ላይ በክሩመ ሽትራሰ፣ ቤቱ በምሰሶ ላይ የቆመና ከሥሩ መኪና የሚቆምበት አንድ ግቢ አለ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ እዚያ ግቢ ውስጥ ሲቪል የለበሰ አንድ ፖሊስ የ26 ዓመት ተማሪን ከኋላ ጭንቅላቱን በጥይት መታው። ተማሪው ፖለቲካ ውስጥ ብዙም ያልነበረ፣ ባለቤቱ ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ነበር። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተንበርክካ ጭንቅላቱን ደግፋ የምትታይበት ፎቶግራፍ በማግስቱ አገሩን ሁሉ አዳረሰ።

ችግሩ

ይህን ጉዳይ ለጥናት የሚያበቃው የማስረጃ እጥረት አልነበረም። ሻሁ በመጡበት ሁሉ የዜና ካሜራ ነበር፣ የፎቶግራፍ ባለሙያ ነበር፣ የሬዲዮ ዘጋቢም መቅረጸ ድምፅ ይዞ ነበር። ማስረጃው በዝቶ ሳለ ተኳሹ ሁለት ጊዜ በነፃ ወጣ። ጥያቄው ይህ እንዴት ሆነ የሚለው ነው።

ያቺ ሌሊት የተጀመረችው በሐሰት ነበር። አንድ ፖሊስ በሰልፈኞች በስለት ተወግቶ ሞተ የሚል ወሬ ተነዛ፤ የሞተ ፖሊስ ግን አልነበረም። ከንቲባው ጥፋቱን በሰልፈኞቹ ላይ ጣሉ። ሆስፒታል ውስጥ የተማሪው ሞት ምክንያት መጀመሪያ የጭንቅላት አጥንት ስብራት ተባለ። በማግስቱ የአስከሬን ምርመራው ጥይት አገኘ፤ ጥይቱ የገባበት የአጥንት ክፍል ግን ተቆርጦ ወጥቶ ነበር፣ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ተኳሹ በዚያ ማታ ለብሶት የነበረውን ሙሉ ልብስ ለምርመራ ሳይሰጥ ወደ ልብስ ንጽሕና ልኮታል። አካላዊ ማስረጃ በየሰዓቱ በሚጠፋበት ሁኔታ የቀረው ምስክርነት፣ ፎቶግራፍ፣ ፊልምና ድምፅ ነው።

የተኳሹ ቃል ደግሞ ይለዋወጥ ነበር። ዋናው መስመሩ ግን ስለት የያዙ ሰዎች ከበው መሬት ላይ ጣሉኝ፣ ሕይወቴን ለማዳን ነው የሚል ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 1967 ፍርድ ቤቱ በቸልተኝነት ሰው ከመግደል ክስ በነፃ አሰናበተው። ዳኛው ተከሳሹ ከሚናገረው በላይ እንደሚያውቅ አልደበቁም፤ ያንን ለማስረዳት ግን የቀረበላቸው አልበቃም። ሰበር ሰሚው ችሎት ጉዳዩን መልሶ ልኮት በ1970 ለሁለተኛ ጊዜ በነፃ ወጣ።

በጊዜው ፊልሙ ምን አደረገ

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ከጉዳዩ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ክፍል ነውና።

የዜና ፊልም ሁለት ሕይወት አለው። የመጀመሪያው በዚያው ምሽት የሚታየው ሁለትና ሦስት ደቂቃ ነው። አርታዒው ጥቅሉን ጠረጴዛ ላይ ያዞራል፣ የሚፈልገውን ይቆርጣል፣ ይቀጥላል። ሁለተኛው ሕይወት የቀረው ነው፤ የተንቀጠቀጠው፣ የጨለመው፣ የሰው ጀርባ ብቻ የሚያሳየው፣ የካሜራ ባለሙያው እየሮጠ ሳለ ሳያጠፋው የቀረው። ያ ሁሉ ወደ ቆርቆሮ ሣጥን ይመለሳል። ሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ደግሞ የጉብኝቱ ስም ነው። «የሻሁ ጉብኝት፣ በርሊን» የሚል ሣጥን ውስጥ የግድያ ማስረጃ አለ ብሎ የሚጠረጥር ማን ነው?

የእኩለ ቀኑ ድብደባ ቀረጻ ጥሩ ብርሃን ስለነበረው በጊዜው ታይቷል፤ እንጨቱ ሲነሳና ሲያርፍ፣ ፖሊሱም ዝም ብሎ ሲያይ። ያ ምስል ብዙ ጀርመናዊን አስደንግጧል፤ የከንቲባው ሥልጣንም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ እንዲያበቃ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። የማታው ቀረጻ ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘመን ጀርመን ሰዓቷን በበጋ ወደፊት አታደርግም ነበር፤ ስለዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ጠልቃ ድንግዝግዝ ሆኗል። ከምሰሶዎቹ ሥር ያለው ደግሞ ይበልጥ ጨለማ ነው። በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ይህ ማለት ጥቁር በጥቁር ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ጥላዎች ማለት ነው። ለዜና የማይሆን፣ ለችሎትም ግልጽ ያልሆነ።

ተማሪዎቹ የራሳቸውን መርማሪ ቡድን አቋቁመው ምስክርና ፎቶግራፍ ሰብስበዋል፤ የከተማዋ ምክር ቤትም አጣሪ ኮሚቴ ነበረው። ድምፁም ነበር። በሬዲዮ ዘጋቢ ቴፕ ላይ ተኩሱ ይሰማል፤ ወዲያውም አንድ ሰው ተኳሹን በስሙ ጠርቶ ቶሎ ወደ ኋላ እንዲሄድ፣ ከቦታው እንዲርቅ ሲያዘው ይሰማል። አሁን ስናስበው ይህ ብቻውን ከባድ ማስረጃ ነው፤ በሰዎች ተከቦ ነፍሱን ለማዳን የሚታገል ሰው እንዲህ ባለ የተረጋጋ ትእዛዝ አይወጣም። ነገር ግን ድምፁ ለብቻው ቀረበ፣ ፎቶግራፉ ለብቻው፣ ምስክሩ ለብቻው። ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ አልነበረም።

ዳግም ምርመራው

ሣጥኑን ያስከፈተው የፊልም ባለሙያ አይደለም፤ ወረቀት ነው። ሜይ 2009 ሁለት ተመራማሪዎች ሽታዚ ይባል በነበረው የምሥራቅ ጀርመን የጸጥታ ሚኒስቴር ሰነዶች ውስጥ ሲሠሩ ያልጠበቁትን አገኙ። ተኳሹ የምዕራብ በርሊን ፖሊስ ከ1955 ጀምሮ በሽፋን ስም ለምሥራቁ መረጃ ሲያቀብል የኖረ ሰው ነበር። አገሩ ተናወጠ። ለአርባ ዓመታት የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ጭካኔ ምልክት ሆኖ የኖረው ጥይት ከምሥራቁ ሰው እጅ ወጥቶ ተገኘ። ሽታዚ እንዲተኩስ ማዘዙን የሚያሳይ ወረቀት ግን አልተገኘም፤ እንዲያውም ከግድያው በኋላ ግንኙነቱን እንዲያቆም አድርጎታል።

ዐቃቤ ሕግ ምርመራውን ዳግም ከፈተ። የፌዴራል መርማሪዎችም በየቦታው የተቀመጡ ፊልሞችንና ፎቶግራፎችን ሰብስበው በዘመኑ መሣሪያ መረመሩ። ከነዚህ መካከል የምዕራብ በርሊኑ ጣቢያ ኤስኤፍቤ ቀረጻ ይገኝበታል። ውጤቱን አንባቢ ያወቀው በጃንዋሪ 2012 ነው።

የታየው ይህ ነው። በጥላ መልክ፣ ነገር ግን መከተል በሚቻል ሁኔታ፣ ተኳሹ ሽጉጡን በእጁ ይዞ ወደ ተማሪው ይራመዳል። ማንም አልከበበውም፣ ማንም አልገፋውም። ግራ እጁን የባልደረባው ትከሻ ላይ አሳርፏል።

በዚህ እጅ ላይ ብዙ ቆይቻለሁ። ተከብቤ ነበር፣ መሬት ላይ ተጥዬ ነበር ያለ ሰው እጅ ነው። የወደቀ ሰው እጅ መሬት ይፈልጋል፤ የሚታገል ሰው እጅ የተቃዋሚውን ልብስ ወይም ክንድ ይይዛል። ይህ እጅ ግን ድጋፍ ይዟል፣ ሚዛን ይጠብቃል። ከዚያ ርቀት፣ ከዚያ አቋም የተተኮሰ ጥይት በግብግብ መሃል ያመለጠ ነው ለማለት ያስቸግራል። መርማሪዎቹም የደረሱበት ድምዳሜ ሰውዬው ሳይገፋ፣ በቅርብ ርቀት፣ ምናልባትም ሆን ብሎ ተኩሷል የሚል ነው። አለቃው የነበረው መኮንንም ተኩሱን አላየሁም ብሎ መስክሮ ሳለ በምስሉ እዚያው አጠገብ ቆሞ ተገኝቷል።

ይህ ሁሉ ከ1967 ጀምሮ በሣጥን ውስጥ ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

በመጀመሪያ ደረጃ የሠራው ማዛመድ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳይ። የአውሮፓ ቴሌቪዥን ፊልም በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል፤ አንዱ ፍሬም የሰከንድ ሃያ አምስተኛ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። መቅረጸ ድምፅ የያዘው ዘጋቢ ከተኩሱ 34 ሜትር ርቆ ከቆመ ድምፁ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ይዘገይበታል፤ ይህ በፊልሙ ላይ ሁለት ፍሬም ተኩል ነው። በሁለት ፍሬም ውስጥ እጅ ይነሳል፣ ፊት ይዞራል። ስለዚህ ማን የት ቆሞ እንደቀረጸ ሳይታወቅ ቀረጻዎችን ማዛመድ አደገኛ ነው። ፎቶግራፍ ደግሞ ቦታን በደንብ ይናገራል እንጂ ሰዓትን አይናገርም። ፊልሙን ከፎቶግራፉ፣ ፎቶግራፉን ከምሰሶዎቹ አቀማመጥ፣ ሁሉንም ከድምፁ ጋር ማስተያየት የግድ ነው።

ዲጂታል ማጥራትም ረድቷል፤ ጥቁር በጥቁር የነበረውን ከፍቶታል። ግን እዚህ ጋ ጥንቃቄ ያሻል። ምስሉን የሚያጎላ መሣሪያ የፊልሙን ቅንጣት አብሮ ያጎላል፤ ዓይን ደግሞ ከቅንጣቱ የሰው ፊት ይፈጥራል። በሥራዬ ላይ ይህ ደጋግሞ ሲያጋጥም አይቻለሁ፤ አንድ ሰው «እዚህ ጋ ቢላዋ ይታየኛል» ሲል ሌላው «መነጽር ነው» ይላል፣ ሁለቱም ቅን ናቸው። ስለዚህ ያልተነካው ቅጂ ከተጣራው ጎን መቀመጥ አለበት፣ በየደረጃው ምን እንደተደረገም መመዝገብ አለበት።

ያልሠራው ሕጉ ነው። ዐቃቤ ሕግ ምርመራውን በኖቬምበር 2011 ዘግቶታል። አንዴ በነፃ የተሰናበተን ሰው በዚያው ድርጊት ዳግም ለመክሰስ የጀርመን ሕግ የሚፈቅደው በጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው። በይርጋ የማይታገደው ሆን ተብሎ የሚፈጸም ከባድ ግድያ ነው፤ ያንን ለማስረዳት ደግሞ የልብ ሐሳብን ማሳየት ያስፈልጋል። ፊልም እጅን ያሳያል፣ እርምጃን ያሳያል፣ ክፍት ቦታን ያሳያል። ሐሳብን ከእነዚህ መገመት ይቻላል፤ ግምቱ ለታሪክ ጸሐፊ ይበቃል፣ ለወንጀል ችሎት ግን አልበቃም። ብዙ ምስክሮችም በዚያ ጊዜ አልፈዋል።

ሌላም ያልሠራ አለ፤ እሱም የሕዝቡ ንባብ ነው። የሽታዚ ሰነድ እንደወጣ ብዙዎች ወዲያው «እንግዲያውስ የምሥራቁ ሴራ ነበር» አሉ። ፊልሙ ይህን አይደግፍም። ፊልሙ የሚያሳየው በምዕራብ በርሊን ፖሊስ መካከል፣ በምዕራብ በርሊን ባልደረባው ትከሻ ላይ ተደግፎ የተኮሰን ሰው ነው። ከዚያም ከአለቆች እስከ ሆስፒታል ድረስ የሸፈነለትን ሥርዓት ከሰነዶቹ ጋር አብሮ ያሳያል። ማን ይቀጥረው የነበረው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ማን እንደሸፈነለት ደግሞ ሌላ።

ለሌሎች ጉዳዮች የሚሆን

ከዚህ ጉዳይ ወደ ራሴ ሥራ የወሰድኳቸውን ነገሮች እጽፋለሁ። እኔ የምሠራው በአብዛኛው የመሪዎች አቀባበል፣ የምርቃትና የሰልፍ ፊልም ላይ ነው፤ ቀዩ ምንጣፍ ያልተዘረጋበት ጥቅል የለም ማለት ይቻላል።

የተላለፈውን ዜና ብቻ አስቀምጦ ቁርጥራጩን መጣል ትልቅ ጥፋት ነው። ቦታ ሲጠብ በመጀመሪያ የሚጣለው ይኸው ያልተላለፈ ቀረጻ ነው፤ «ምንም የለበትም» ተብሎ። የበርሊኑ ማስረጃ የተገኘው ለዜና ምንም በማይሆን ቀረጻ ውስጥ ነው። አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ፊልም ሣጥኑ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ከጀመረ መበስበስ ጀምሯል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ከሌሎቹ ለይቶ፣ በቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጦ ከሁሉ አስቀድሞ መቅዳት ያስፈልጋል።

ሣጥን ላይ የሚጻፈው ስም ምርመራውን ይወስናል። የጉብኝት ፊልም ሲመዘገብ የእንግዳው ስም ብቻ መጻፍ አይበቃም። መንገዱ፣ ሰዓቱ፣ ካሜራው የቆመበት ቦታ፣ ከበስተኋላ ማን እንደሚታይ፣ ፖሊሱ ወዴት እንደሚያይ መጻፍ አለበት። የዜና ካሜራ ዓይኑን ሻሁ ላይ ያደርጋል፤ መርማሪ ዓይኑን ከሻሁ ማንሳት አለበት። እኔ አሁን እያንዳንዱን ጥቅል ሁለት ጊዜ አየዋለሁ። መጀመሪያ እንደ ተመልካች፤ ሁለተኛ ጊዜ መሃሉን በወረቀት ሸፍኜ ጠርዙን ብቻ። በዚህ ዘዴ ያገኘሁት ብዙ ነው፤ የተገፋ ሕፃን፣ ባንዲራ የሚያድል ሰው፣ ሕዝቡ መቼ ማጨብጨብ እንዳለበት በእጁ የሚጠቁም ሠራተኛ።

የታየውንና የተገመተውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለመቀላቀል ሌላው ነው። «እጁን ትከሻ ላይ አሳርፏል» የታየ ነው። «ለማነጣጠር ነው ያሳረፈው» ግምት ነው፤ ጠንካራ ግምት ቢሆንም። መዝገቤ ላይ ሁለት ዓምድ አድርጌያለሁ፣ ሁለተኛው ዓምድ ላይ የጻፈው ሰው ስምና ቀን አለበት።

ምስክርን ደግሞ በሕይወት ሳለ ምስሉን ማሳየት ይገባል። በበርሊን ፊልሙ ተጣርቶ ሲያበቃ ስለ እያንዳንዱ ጥላ ሊጠየቁ ይችሉ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ አልነበሩም። ከቻልኩ አሁን ጥቅሉን ሳልጨርስ እንኳ ወደ ሽማግሌዎቹ እሄዳለሁ፤ «ይህ ማነው? ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ምን ነበር?» እላለሁ። ማሽን ካጠራው ይልቅ አንድ አዛውንት ጣታቸውን መስኮቱ ላይ አድርገው የሚነግሩኝ ብዙ ጊዜ ይበልጣል።

ተኳሹ ፖሊስ በዲሴምበር 2014 በርሊን ውስጥ ሞተ። ከ1970 ወዲህ በዚህ ግድያ ችሎት ፊት አልቆመም።